ሁለት ሴንቲ ሜትር ነፋስ

ዛሬ የምጽፈው ስለ ፓርቲ አይደለም፤ ስለ ምርጫም፣ ስለ ድርድርም አይደለም። ስለ አንዲት አሮጌ መኪና፣ ስለ አንድ ቁራጭ ላሜራና ስለ ራሴ ውሸት ነው። ስጀምረው ከፖለቲካ ማረፊያ ይሆነኛል ብዬ ነበር። ጽፌ ስጨርስ ግን ከእስከ ዛሬዎቹ ጽሑፎቼ ሁሉ የባሰ ፖለቲካ ሆኖ አገኘሁት። ፍርዱን ለአንባቢ እተዋለሁ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ ከመኪናዋ ልጀምር። የምኖረው በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ጎፋ አካባቢ ነው። አባቴ ሲያርፉ የተዉልኝ ንብረት አንዲት ነጭ ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ የአዲስ አበባ ሰው ‹‹ዲኤክስ›› እያለ የሚጠራት ዓይነት፣ ሞተሯ 1,300 ሲሲ ገደማ፣ ቤንዚንና አየር በካርቡራተር የምትቀላቅል፣ ዕድሜዋ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ጨርሰው ሥራ ከሚፈልጉት ወጣቶች የሚበልጥ። ዳገት ላይ ትደክማለች። ሰው የሞላበት ሚኒባስ ጡሩምባውን እየነፋ ሲያልፋት ዓይኔን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዞራለሁ።

‹‹ታዲያ ለምን አትለውጣትም?›› የሚል አይጠፋም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን እንደ ዕድሜያቸው ክፉኛ ቀጣቸው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ መኪና በስተቀር የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ። የውሳኔውን ክፉና ደግ ሌላ ቀን እንመለስበታለን። ለእኔ ቢጤው ግን ውጤቱ ግልጽ ነው፤ ያለችውን ይጠግናል፣ ይቀጥላል፣ ይለጥፋል።

የዲኤክሴ ድካም ታዲያ የዕድሜዋ ብቻ አይደለም። ሰፈራችን ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛውን እምብዛም አይበልጥም። ሞተር የሚስበው አየር ሲሳሳ በሚገባ ሊያቃጥለው የሚችለው ቤንዚንም ያንሳል። ጅቡቲ ወደብ ላይ ሲራገፍ 70 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር፣ ጎፋ ሲደርስ ሃምሳዎቹ ውስጥ ይገባል፤ ሌባ ሳይነካው፣ ብሎን ሳይፈታ። በጥቅምት 1961 ዓ.ም. ማሞ ወልዴ የኦሎምፒክ ማራቶን ያሸነፈባት ሜክሲኮ ሲቲም ከፍታዋ 2,240 ሜትር ነው። ቆላ አገር የለመዱ ብዙ ሯጮች እዚያ ትንፋሽ አጥሯቸዋል። የሰው ደም ስስ አየርን ይለምዳል፤ ካርቡራተር ግን አይለምድም።

መሐንዲሶች ይህን ችግር ካወቁት መቶ ዓመት አልፏል። እ.ኤ.አ. በ1918 ሳንፎርድ ሞስ የተባለ የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ አንድ የአውሮፕላን ሞተር ጭኖ በአሜሪካ ኮሎራዶ ፓይክስ ፒክ ወደሚባለው ተራራ ጫፍ፣ ወደ 4,300 ሜትር ከፍታ ወጣ። ታች 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር ተራራው ላይ ወደ 230 ወረደ። በጭስ ማውጫው ጭስ የሚሽከረከር አየር መጭመቂያ ሲገጥምለት ግን 356 ሆነ። ዛሬ ተርቦ የምንለው የዚያ መሣሪያ ዘር ነው። አንባቢ እንዲያስተውልልኝ የምፈልገው ሰውየው ሞተሩን ተሸክሞ ተራራ ላይ የወጣው ለመለካት መሆኑን ነው። ይህን ታሪክ አውቀው ነበር። አውቄው ነው እንግዲህ የሚከተለውን ያደረግሁት።

ተርቦ ውድ ነው፤ ለአሮጌ ሞተርም ሸክም ነው። ስለዚህ ልቤ ወደ ርካሹ ዘዴ አዘነበለ። በመኪናው ግንባር ላይ ወደ ፊት የተከፈተ አፍ ትሠራለህ፤ መኪናው ሲሮጥ ነፋሱ በራሱ ግፊት እየገባ በቱቦ እስከ አየር ማጣሪያው ይደርሳል፤ ሞተሩ አየር ለመሳብ ከሚታገል አየሩ ራሱ ይጋትለታል። ‹‹ራም ኤር›› የሚሉት ይህንን ነው። የአሜሪካው ፖንቲያክ በ1960ዎቹ በዚህ ስም መኪና ሸጦበታል፤ ካዋሳኪም እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው ዜድኤክስ 11 ሞተር ሳይክል ላይ ገጥሞታል። በንፋስ ስልክ የሚኖር ሰው በነፋስ ቢታለል ምን ይገርማል? የሰፈራችን ስም ራሱ ያለ ሽቦ፣ በነፋስ ላይ የሚናገር ስልክ ማለት ነው።

በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ወደ ሰፈራችን ጋራዥ ሄድሁ። ጋራዥ ማለት እዚህ አንድ የቆርቆሮ አጥር፣ አንድ የብየዳ ማሽንና የዘይት ጥቁረት የጠጣ መሬት ነው። ባለቤቱ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አዛውንት መካኒክ ናቸው፤ ሙያውን በልጅነታቸው ከጣሊያን ጋራዥ ተምረዋል። የጋራዣችን ቋንቋ ዛሬም የዚያ ዘመን ቅሪት ነው። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካንዴላ፣ ኮፈን፣ ላሜራ እንላለን፤ ሰዎቹን አባረን ቃላቸውን አስቀረን። ከእሳቸው ዘንድ ከቴክኒክና ሙያ የወጣ አንድ ወጣት ይሠራል። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ እጁ ወርቅ ነው። አዛውንቱ ሐሳቤን ሰምተው ምንም አላሉም። ልጁ ግን ዓይኑ በራ።

አብረን ሠራነው። ከሶማሌ ተራ የአሮጌ መኪና የጎማ ቱቦ ገዛሁ። ልጁ 0.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ላሜራ፣ 20 በ8 ሴንቲ ሜትር የሆነ አፍ ቆረጠ፤ ወደ ኋላ ቀስ በቀስ እየጠበበ ሰባት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቱቦ እንዲሆን አድርጎ አጠፈው፤ በየዳው፤ ሞረደው፤ ነጭ ቀለም ቀባው። ከራዲያተሩ በስተቀኝ፣ ከመብራቱ ሥር አሰርነው። ቱቦውን በፋሼታ ጠብቀን ከማጣሪያው ቤት ጋር አገጣጠምነው። ሦስት ቅዳሜ ፈጀብን። የልጁን ሥራ እያየሁ፣ ይህች አገር ስንት እጅ አላት፣ ስንቱንስ አባከነችው እያልሁ በልቤ አንድ ጽሑፍ እጽፍ ነበር።

ሞተሩን አስነሥተን ቤንዚን ስሰጠው መኪናዋ አገሳች። በእውነት ነው የምላችሁ፣ ያቺ እንደ አሮጊት የምታለቅሰው ዲኤክስ እንደ አንበሳ አገሳች። በቀለበት መንገድ ወደ ጎተራ ነዳኋት፤ በረረች። ማታውኑ ለጓደኞቼ በማኪያቶ መካከል ‹‹ጉልበቷ በ15 በመቶ ጨምሯል›› አልኋቸው። በማግሥቱም ደገምሁት። ልጁ ሲጠይቀኝም ለእሱም እንዲሁ ነገርሁት።

15 በመቶ! ከየት አመጣሁት? ከጆሮዬ። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት መንግሥት ኢኮኖሚው በሁለት አኃዝ አደገ እያለ ሲነግረን፣ ‹‹በምን ለካችሁት? ማን ለካው? መነሻው ስንት ነበር?›› እያልሁ ብዕሬን ስስል የኖርሁት ሰውዬ፣ በገዛ መኪናዬ ላይ አንድ መስመሪያ እንኳ ሳላሳርፍ የ15 በመቶ ዕድገት አወጅሁ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኸው ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ሳቅ ሆኖ ያልፍ ነበር። ልጁ ግን ቃሌን ቃል ብሎ ያዘው። በሰፈሩ ያሉትን ዲኤክሶች ቆጠረ፤ አብዛኞቹ ባለቤቶቻቸው ዕለት ጉርሳቸውን የሚያገኙባቸው ናቸው። ሃያ ቀንድ ሠርቶ ሊሸጥላቸው አሰበ። የሚገባበት ዕቁብ ሊደርሰው ተቃርቦ ነበር። ‹‹ጋሼ፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ስለሆኑ፣ እርስዎ ከመሰከሩልኝ ሰው ያምነኛል›› አለኝ። እኔም ኩራት ቢጤ ተሰምቶኝ ‹‹እመሰክርልሃለሁ›› አልሁት።

አዛውንቱ ዘይት የነካ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ይህን ሲሰሙ ነበርና፣ ‹‹ልጄ፣ ለካኸው?›› አሉኝ።

‹‹ምኑን አባባ?››

‹‹ነፋሱን ነዋ።››

‹‹ይሰማል እኮ! ድምፁን አልሰሙትም?››

‹‹ድምፁንማ ሰማሁት። ድሮ የማጣሪያው ቤት አፍኖት የነበረው የሞተሩ ትንፋሽ፣ አሁን በላሜራህ አፍ ወደ ውጭ ይጮሃል። ጡሩምባ አበጀህለት። እኔ የጠየቅሁህ ግን ሌላ ነው።››

ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግሥቱ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ቱቦ ገዛሁ። መሐሉን አጥፌ በጣውላ ላይ አሰርሁት፤ ቀይ ቀለም የበጠበጥሁበት ውኃ ግማሽ ድረስ ሞላሁት፤ ከጎኑ የተማሪ ማስመሪያ ለጠፍሁ። አንደኛውን የቱቦውን ጫፍ ከማጣሪያው በፊት ባለው መተላለፊያ ላይ ሰካሁት፤ ሌላኛው ጫፍ መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥ ክፍት ሆኖ ቀረ። አየሩ ሲጋፋ በአንደኛው ወገን ያለው ውኃ ይወርዳል፣ በሌላው ይወጣል፤ ልዩነቱን ማንበብ ነው። የሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሚሠራው መለኪያ ነው።

በግንቦት ወር አንድ እሑድ ማለዳ እኔና አዛውንቱ ወጣን። ልጁን አልጠራሁትም፤ ለምን እንዳልጠራሁት ያን ጊዜም አውቀው ነበር። በሳሪስና በቃሊቲ አልፈን ወደ ቱሉ ዲምቱ አመራን። እሳቸው ጣውላውን በጉልበታቸው ላይ አድርገው በመነጽራቸው ሥር ያነቡልኛል። ሳሪስ ላይ መኪና ተደራርቦ ስንቆም ውኃው አልተንቀሳቀሰም። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ስንነዳ ሦስት ሚሊ ሜትር ተነሣ። ወደ አዳማ በሚወስደው ፈጣን መንገድ ገብተን 100 ስንደርስ 22 ሚሊ ሜትር አነበቡ። ደግመን ሞከርነው፤ ያው 22 ነው።

እንግዲህ ሒሳቡን ተመልከቱት። በከተማችን ላይ የተጫነው አየር ወደ ስምንት ሜትር የሚጠጋ የውኃ ዓምድ ያህል ይመዝናል። በባሕር ጠረፍ ያለው ከአሥር ሜትር በላይ ነው። ሞተሬ በከፍታው ምክንያት ያጣው ከሁለት ሜትር በላይ የሆነ የውኃ ዓምድ ነው። እኔ በቀንዴ፣ ያውም በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ የመለስሁላት ሁለት ሴንቲ ሜትር ከሁለት ሚሊ ሜትር። ከጠቅላላው ግፊት ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ጎፋ ውስጥ፣ በምንነዳበት ፍጥነት፣ ከምንም አይቆጠርም።

የልጁ እጅ ጥፋት እንዳይመስላችሁ። የነፋስ ግፊት የሚያድገው በፍጥነት ካሬ ነው፤ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ግፊቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። አንዲት የነፋስ ጠብታ የማያባክን ፍጹም ቀንድ ቢሠራ እንኳ በ100 ኪሎ ሜትር ከ38 ሚሊ ሜትር ገደማ አይዘልም፤ ተፈጥሮ ከዚያ በላይ አትሰጥም። ነፋስ መጋት በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚበር ሞተር ሳይክልና ለአውሮፕላን ነው። እኛ የፈጣኖቹን አፍ ወስደን ከሳር ቤት እስከ ጀሞ በተደራረበ መኪና መካከል ገተርነው።

ስንመለስ አዛውንቱ ሌላም ነገር ነገሩኝ። ‹‹ክረምት መጥቶ መንገዱ ጎርፍ ሲሞላ ይህ አፍህ ምን ይጠጣል? ውኃ አይጨመቅም። ፒስተኑ ውኃ ሲያገኘው ቢዬላው ይታጠፋል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ አበቃለት።›› ከመሬት ጉልበት በማይደርስ ከፍታ ላይ የተከፈተውን አፍ አሰብሁት። ልጁ የቆጠራቸውን ሃያ መኪኖችም አሰብሁ።

አሁን ወደማፍርበት ደረስሁ። ልጁ ዘንድ ያኑኑ ቀን መሄድ ነበረብኝ። አልሄድሁም። ነገ እያልሁ፣ ቃላት እየመረጥሁ ስምንት ቀን አቆየሁት። አዛውንቱም ዝም አሉ፤ ነገሩ የእኔ ነውና ሊነግሩልኝ አልፈለጉም። በዘጠነኛው ቀን ስሄድ ጋራዡ በር ላይ አዲስ ላሜራ ተደርድሮ አገኘሁ። ዕቁቡ ደርሶት ኖሯል።

ነገርሁት። ቱቦውንና ማስመሪያውንም አሳየሁት። ‹‹መቼ ለካችሁት ጋሼ?›› አለኝ። ‹‹ከዘጠኝ ቀን በፊት›› አልሁት። ላሜራውን ደጋግሞ አየው። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ‹‹እኔ እኮ እርስዎ ስላሉ ነው›› አለ፤ ከዚያ በኋላ ድምፁን አላሰማም። በዚህች አገር ብዙ ባለ ሥልጣናትን ‹‹ጥፋታችሁን ስታውቁ ለምን ወዲያው አልተናገራችሁም?›› ብያለሁ። አሁን መልሱን አገኘሁት። ሰው ስሕተቱን የሚደብቀው የግድ ክፉ ስለሆነ አይደለም። ትናንት ያጨበጨቡለትን ሰዎች ፊት ማየት ስለሚከብደው ነው። ይህ ግን ምክንያት እንጂ ይቅርታ አይሆንም፤ እኔ ስታፈር በቆየሁባቸው ቀናት የጠፋው የእኔ ገንዘብ አልነበረም።

የላሜራውን ግማሽ በገዛበት ዋጋ ገዛሁት። ሁሉንም ልግዛ ብዬ ነበር፤ ልጁ እንቢ አለ። ‹‹ሁሉንም ከወሰዱብኝማ ሥራ ፈታሁ›› አለኝ።

ከዚያ በኋላ ሦስታችን ተቀምጠን ሞተሩን እንደ አዲስ አየነው፤ በዚህ ጊዜ ከቴርሞ ሜትር ጋር። አዛውንቱ ያውቁት የነበረውን መለኪያው አረጋገጠው። ሞተሯን ያደከማት የነፋስ ግፊት እጦት ብቻ ሳይሆን የአየሩም ሙቀት ነበር። አየር 10 ዲግሪ በቀዘቀዘ ቁጥር 3 በመቶ ገደማ ይጠብቃል። ካርቡራተሯ ግን ኮፈኑ ሥር በጋለ አየር ትተነፍስ ነበር። ላሜራውን ከግንባሯ ነቀልነው፤ ልጁ አፉን ወደ ኋላ መልሶ፣ ከመብራቱ በስተ ጀርባ ከፍ አድርጎ ገጠመው። ውኃ ቢገባ የሚንጠባጠብበት ቀዳዳም አበጀለት። ድምፅ የለውም፤ ከውጭም አይታይም። አዛውንቱ በበኩላቸው ለባሕር ጠረፍ አየር ተብሎ የተበሳውን፣ ቤንዚን የሚያልፍበትን የነሐስ ቀዳዳ ጠበብ ባለው ለወጡት። ለስስ አየራችን ቤንዚኑ በዝቶ ኖሯል፤ ጥቁሩ ጭስም ከዚያ የመጣ ነበር። ማጣሪያውንም በአዲስ ተካነው።

ለካነው። ሦስት ጊዜ ነዳጅ ሞልቼ፣ ኪሎ ሜትሩን መዝግቤ ሒሳቡን ሠራሁ። በአንድ ሊትር 10.4 ኪሎ ሜትር የነበረው 11.2 ሆነ፤ ከ8 በመቶ በታች ነው። አብዛኛው ከነሐሷ ቀዳዳና ከማጣሪያው የመጣ እንደሆነ አዛውንቱ ይናገራሉ። ዳገት ላይ ሚኒባሱ ዛሬም ያልፈኛል።

በሐምሌ አንድ ከሰዓት በኋላ ከባድ ዝናብ ጥሎ የሰፈራችን መንገድ ወንዝ ሆነ። ከፊቴ ያለው መኪና የረጨው ውኃ የዲኤክሴን ግንባር እስከ መብራቷ አጠባት፤ ያ ነጭ አፍ ተከፍቶበት የነበረው ቦታ ከነጭራሹ ተዋጠ። ዳር ይዤ ቆምሁ። ሃያ ሰዎች፣ ከነእንጀራቸው፣ በዚያን ሰዓት እንደ እኔው በየመንገዱ ነበሩ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሌላውን መጠየቅ ልተው ይሆን? አልተውም። ዕድገቱ ስንት ነው፣ በምን ተለካ፣ ማን አየው ማለቴን እቀጥላለሁ። መንግሥትንም፣ ተቃዋሚንም፣ የተማርሁ ነኝ የሚለውን ወገኔንም እጠይቃለሁ። ከእንግዲህ ግን ያቺን በጣውላ የታሰረች የፕላስቲክ ቱቦ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ ነው የምጽፈው። ቀይ ውኃው እየደረቀ ሄዷል፤ መስመሩ ግን አሁንም ይታያል።

ልጁስ? ከቀረለት ላሜራ አክንባሎ እየሠራ ለሰፈሩ እንጀራ ጋጋሪዎች ይሸጣል። አንዱን ለቤታችን ገዛሁት። ከመክፈሌ በፊት ምጣዱ ላይ ገጥሞ ለካልኝ፤ ልክ ሆነ።

ቸር ያሰማን።